«ሌባ!» እና «በሕግ አምላክ!»

በመርካቶ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ከሚሰሙት ድምፆች ሁሉ ሰውን ከያዘው ጉዳይ የሚያናጥቡት ሁለት ናቸው። አንደኛው «ሌባ! ሌባ!» የሚለው ነው። ጩኸቱ ከምናለሽ ተራ ይነሣ ከበርበሬ በረንዳ፣ ተሸካሚው ሸክሙን ያወርዳል፤ ጨርቅ የሚለካው ነጋዴ ሜትሩን ይጥላል፤ ስለ ዋጋ የሚከራከረው ሸማች ክርክሩን ያቋርጣል፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሮጣል። የተያዘው ሰው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደወሰደ፣ ወስዶስ እንደሆነ የሚጠይቅ በዚያች ደቂቃ አይገኝም። ሁለተኛው ከዚያው ግርግር መካከል፣ አንዳንድ ጊዜ ከተያዘው ሰው፣ አንዳንድ ጊዜም በዕድሜ ከገፉ መንገደኛ አፍ የሚወጣው «በሕግ አምላክ!» ነው። ይህን የሰማ የተሰነዘረ እጅ ቢያንስ ለአፍታ ያህል ከአየር ላይ ይቀራል።

የወንጀል ሕጋችን ታሪክ በእነዚህ ሁለት ጩኸቶች መካከል የተጓዘ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ኅብረተሰቡ ሕይወቱና ንብረቱ እንዲጠበቅለት መንግሥትን ይጠይቃል። ያው ኅብረተሰብ ደግሞ ከዚያው ጠባቂ እጅ መጠበቅን ይሻል። ሱቁን በሦስት ቁልፍ ዘግቶ የሚሄደው የሸማ ተራ ነጋዴ ማታ የሚፈራው ማጅራት መቺን ነው፤ ሌሊት በሩ ሲንኳኳ የሚፈራው ግን ሌላ ነው። ጉዳዩ እጅግ ሰፊ በመሆኑ በዚህ ጽሑፍ ከብዙው አንዱን ጥያቄ ብቻ ይዘን እንጓዛለን፤ ይኸውም የተያዘ ሰው ከያዘው እጅ ወጥቶ በዳኛ ፊት የሚቆመው መቼ ነው? የሚል ነው።

መርካቶ መርካቶ ከመሆኑ በፊት የአዲስ አበባ ዋና ገበያ በአራዳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። የዘመናዊ ፖሊስ ሥርዓት ባልተስፋፋበት በዚያ ዘመን ተበደልሁ የሚል ሰው በዳዩን የሚይዘው ብዙውን ጊዜ በራሱ እጅ ነው። በሕግ አምላክ ወይም በንጉሡ ስም ካስቆመው በኋላ የራሱን ነጠላ ጫፍ ከተከሳሹ ነጠላ ጫፍ ጋር ይቋጥርና ሁለቱ ጎን ለጎን ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ዳኛ ማለትም የግድ የተሾመ ሰው አልነበረም፤ በመንገድ ላይ የተገኘ ጨዋ መንገደኛ ቁጭ ብሎ ነገሩን ሊሰማ ይችል ነበር። ይህን ያዩ የውጭ አገር ተጓዦች በመደነቅ ጽፈውታል። ቋጠሮው ሕፃን ልጅ ሊፈታው የሚችል ነው፤ የሚያስረው ጨርቁ ሳይሆን የሚያየው ሕዝብ ነበር። ፈትቶ የሸሸ በሕዝብ ዓይን ጥፋቱን በገዛ እግሩ መሰከረ።

ነገሩ ጠንከር ሲል የነጠላው ቋጠሮ በብረት ይተካል። ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ይቆራኙና ፍርዱ እስኪሰጥ ድረስ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ። ዛሬ «የቁም ቁራኛ» የምንለው አነጋገር ከዚያ የተረፈ ነው። ሥርዓቱ ጨካኝ እንደነበረ የሚካድ አይደለም። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል፤ ከሳሹም ታስሯል። ሰውን በከንቱ የሚያሳስር ሰው የሰንሰለቱን ክብደት ራሱም ይቀምሰዋል። ከጨለማ ጥግ ሆኖ ጣቱን የሚቀስር ጠቋሚ በቁራኛ ዘመን ቦታ አልነበረውም። በኋላ የመጡት የጥቆማ ሥርዓቶች ይህችን አንዲት በጎነት እንኳ አልወረሱም።

ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር ደግሞ አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ይጠራል። የአካባቢው ሰው ሁሉ ከአንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ የተሰበሰበውም ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። እርሻው ሊታረስ፣ ከብቱ ሊታለብ ይችላል፤ አውጫጭኙ ግን አይበተንም። የሚያውቅ ሰው በግልጽ ለመናገር ከፈራ ለሽማግሌ ሹክ ይላል፤ ሽማግሌውም የነገረውን ሰው ስም ሳይጠራ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። ወፍ ማን እንደሆነች የሚጠይቅ የለም። ወንጀለኛው ካልተገኘ የጠፋውን ንብረት አገሩ በሙሉ አዋጥቶ ይከፍላል። በዚህ ሥርዓት የሕዝቡ ደህንነት የሚጠበቀው የእያንዳንዱን ሰው ነፃነት በማስያዝ ነበር። ሁሉም ተጠርጣሪ፣ ሁሉም ዋስ፣ ሁሉም ከፋይ ነው። ወፏ ግን በከተማ ዘመን አልሞተችም። ከአንድ ትውልድ በኋላ በሌላ ስም ተመልሳ እናገኛታለን።

ከሁሉም የሚያስገርመው ሌባ ሻይ ነው። «ሻይ» ማለት እዚህ ላይ ፈላጊ ማለት እንጂ የምንጠጣው ሻይ አይደለም። አንድ ብላቴና ራስን የሚያስት መድኃኒት እንዲጠጣ ይደረግና ወገቡ በገመድ ታስሮ በመንደር ውስጥ ይለቀቃል። እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ማስረጃ የለም፤ ምስክር የለም፤ ክርክር የለም። በአፄ ምኒልክ ዘመን ይህ በአዲስ አበባም ጭምር የሚሠራበት ነበር። በዚያን ዘመን የሰረቀ እጁን ሲቆረጥ፣ ነፍስ የገደለም በገበያ ሜዳ ሲሰቀል ሕዝብ ያይ ነበር። እንግዲህ ቅጣቱ እጅግ የከበደ፣ ወደ ቅጣቱ የሚወስደው መንገድ ግን በአንድ የሰከረ ልጅ እግር ላይ የተጣለ ነበር ማለት ነው።

በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ጽሑፋዊ ሕገ መንግሥትና ዘመናዊው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንድ ዓመት ወጡ። ሕገ መንግሥቱ ማንም ኢትዮጵያዊ በሕግ ካልሆነ በቀር እንደማይያዝና እንደማይታሰር ይናገራል። ቃሉ በጎ ነው፤ ሕጉን የሚያወጣው፣ የሚተረጉመውና የሚያስፈጽመው ግን ያው አንድ ዙፋን ነበር። አምስት ዓመት ሳይሞላም የፋሺስት ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ።

መርካቶ የተወለደው በዚያ ወረራ ዘመን ነው። ጣሊያኖች ከተማዋን በዘር ከፋፍለው ለመሥራት በነደፉት ዕቅድ አራዳን ለነጮች አስቀርተው የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ገፉት፤ ስሙንም «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ የአገሬው ገበያ አሉት። የዛሬው ታላቅ ገበያ እንግዲህ በመጀመሪያ የመገለል አጥር ነበር። የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት የሆነው በዚሁ ጊዜ ሲሆን፣ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉት ጥቂት ሰዎች ሲሆኑ ቤቱ የተቃጠለበትና የታረደው ግን ያገኙት ሁሉ ነው። የወራሪው መንግሥት በጎረቤት ወንጀል ጎረቤትን፣ በከተማ ወንጀል ከተማን ቀጣ።

ከነፃነት በኋላ ጣሊያን ሄደ፤ ገበያው ግን ከተተከለበት አልተነሣም። ከጉራጌ፣ ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከሐረርና ከየመን የመጣው ነጋዴና ሠራተኛ አዲስ ከተማን ሞላው። በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ወጣ፤ በ1939 ዓ.ም. ደግሞ ሥራ ፈቶችንና ወስላቶችን የሚመለከት አዋጅ ተከተለ። አደባባዩ የቅጣት መድረክነቱ ገና አልቀረለትም ነበር። ከታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. በስቅላት የተቀጡት ከመርካቶ ጫፍ በተክለ ሃይማኖት አደባባይ በሕዝብ ፊት ነበር።

ይህ በእንዲህ እንዳለ በወረቀት ላይ አንድ ትልቅ ለውጥ ተደርጎ ነበር። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 ማንኛውም የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ለዳኛ እንዲቀርብ አዘዘ። ፍርድ ቤቱ ከሩቅ አገር ለሆነበትና መንገዱ በእግር ካልሆነ ለማይደረስበት ቦታ ብቻ ጊዜው ሊራዘም ይችላል አለ። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ልዩነት አይሠራም፤ ከአዲስ ከተማ እስከ ፍርድ ቤት በእግር ቢሄዱት እንኳ ከአንድ ማለዳ አያልፍም። ቀጥሎም በጄኔቫው ፕሮፌሰር ዣን ግራቫን የተረቀቀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949፣ ቀድሞ በማላያ ዋና ዳኛ በነበሩት በሰር ቻርልስ ማቲው የተረቀቀው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በ1954 ዓ.ም. ወጡ።

የሥነ ሥርዓቱን ሕግ ያነበበ ሰው አርቃቂው የሰውን ድካም የሚያውቅ እንደነበረ ይረዳል። ፖሊስ የያዘውን ሰው ሲጠይቅ መልስ ላለመስጠት መብት እንዳለው፣ የሚሰጠው ቃል ግን ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል አስቀድሞ ይነግረዋል። በማስፈራራት ወይም በተስፋ ቃል ቃሉን ማውጣት ክልክል ነው። ቤት የሚፈተሸው ፍርድ ቤቱ በግልጽ ሌላ ካላዘዘ በቀር ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው። ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ ለመርካቶ ሰው የተለየ ትርጉም አለው፤ ብዙ ቤት ፊቱ ሱቅ፣ ጓዳው መኝታ ነውና ሌሊት በሩ የተሰበረበት ሰው ዕቃውንም ልጆቹንም በአንድ ጊዜ ይፈትሹበታል። ሕጉ ሌሊቱን ለባለቤቱ ተወለት።

ነገር ግን በዚሁ ሕግ አንቀጽ 59 ላይ አንዲት ቀዳዳ ቀርታለች። ምርመራው ያላለቀ እንደሆነ ፍርድ ቤቱ ለፖሊስ ተጨማሪ ቀጠሮ ሊሰጥ ይችላል፤ ቀጠሮውም በእያንዳንዱ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም ይላል። በእያንዳንዱ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም አለ እንጂ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ በኖሩት ሁሉ መንግሥታት ዘመን «14 ቀን ይፈቀድልን» የሚለው የፖሊስ ቃል የተሰለፈው በዚህች ቀዳዳ ነው። የእስር ርዝመት ከሕጉ ወጥቶ ወደ ዳኛው ልብ ገባ። ጠንካራ ዳኛ በደረሰበት ቀዳዳዋ ትደፈናለች፤ በደከመ ዳኛ ፊት ግን በር ትሆናለች።

ሕጉ ለማን ነው? የሚለውን ጥያቄ በአደባባይ ያነሡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። የከተማው ባለሥልጣኖች ጎዳናውን ለማጽዳት ሲሉ ለማኞችንና መጠጊያ የሌላቸውን ሰዎች እያፈሱ በሾላ በሚገኝ ካምፕ ማጎር ጀምረው ነበር። ተማሪዎቹ በ1958 ዓ.ም. ካምፑን አይተው የነበረውን ሁኔታ ካጋለጡ በኋላ «ድህነት ወንጀል ነውን?» እያሉ ሰልፍ ወጡ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የወጡበት ሰልፍ መሬት ለአራሹ የሚል ነበር፤ ይህኛው ግን መሬትም ሥራም ለሌለው ነው። የታፈሱት ሰዎች ያጠፉት ነገር አልነበረም፤ ጥፋታቸው መታየታቸው ነው። መንግሥቱ ለጥያቄው የሰጠው መልስ በ1959 ዓ.ም. ሰልፍን በፈቃድ የሚያደርግ አዋጅ ማውጣት ሆነ።

ዙፋኑ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲወርድ በዚያው ዕለት የወጣው አዋጅ ሕገ መንግሥቱን አገደ፤ ሥራ ማቆምንና ያለ ፈቃድ መሰለፍን ከለከለ፤ ይግባኝ የሌለው ልዩ የጦር ፍርድ ቤት አቋቋመ። አርባ ስምንት ሰዓት የቆመችበት ምሰሶ ተነቀለ። ሦስት ወር ሳይሞላ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ ስድሳ የሚጠጉ የቀድሞ ባለሥልጣኖችና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። በጊዜው ከሕዝቡ መካከል ደስ ያለው አልጠፋም፤ የተገደሉት ከላይ የነበሩ ናቸውና የታችኛውን ሰው የሚነካ አልመሰለም።

ቀበሌ በመርካቶ የገባው በመልካም ፊት ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲያደርግ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ፤ ለየቀበሌውም የፍርድ ሸንጎ ሰጠው። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌላት ጉሊት ቸርቻሪ የቤት ክርክሯን በሰፈሯ፣ በራሷ ቋንቋ፣ በምታውቃቸው ሰዎች ፊት ማሰማት ቻለች። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን ቋጥረው በመንገደኛ ፊት ከሚቀርቡበት ሥርዓት ጋር ይህ ነገር ዝምድና አለው። ይህንን ለሸንጎው እንመሰክርለታለን። ክፉው የመጣው ዳኛው፣ ከሳሹና ጠመንጃ ያዡ አንድ በሆኑ ጊዜ ነው። በ1969 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው ሌላ አዋጅ የሸንጎውን ሥልጣን ወደ ወንጀል አሰፋው፤ በጎኑም የአብዮት ጥበቃ ኮሚቴን አቆመ።

የሥጋት ምክንያት አልነበረም ማለት ግን ከታሪክ ጋር መጣላት ነው። በዚያው ዓመት ኢሕአፓ በከተማ የትጥቅ ጥቃት ጀምሮ ነበር፤ መስከረም 13 ቀን በኮሎኔል መንግሥቱ ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ፤ የቀበሌ ሹማምንትና ካድሬዎችም በየመንገዱ ይገደሉ ነበር። ማታ ከስብሰባ የሚመለስ ሰው ከኋላው ኮቴ ሲሰማ ይበርግግ ነበር። ጥያቄው መንግሥት ለዚህ ምን መልስ ሰጠ? የሚለው ነው። ለቀበሌ ጠባቂዎች መሣሪያ ታደለ፤ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ከተማው ተዘግቶ አሰሳ ተካሄደ። ቤት ለቤት፣ ሣጥን ለሣጥን ተፈተሸ። ጠመንጃ ይፈለግ ነበር፤ የጽሕፈትና የማባዣ መኪናም ይፈለግ ነበር። መርካቶን በዓይነ ኅሊናችን እንየው፤ በየጓዳው ከየትም የመጣ ዕቃ በሚከማችበት፣ አሮጌ ብረት በኪሎ በሚሸጥበት ሰፈር አሳሹ ያገኘውን ነገር ከየት አመጣኸው ቢል ደረሰኝ ሊያሳይ የሚችል ስንቱ ነው? ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. በአብዮት አደባባይ ደም የተባለ ቀይ ነገር የተሞላባቸው ጠርሙሶች ሲሰባበሩ «ሌባ! ሌባ!» የሚለው ጩኸት የመንግሥት ድምፅ ሆነ። ከዚያ በኋላ «ነፃ እርምጃ» የሚባል ነገር መጣ፤ ነፃነቱ የእርምጃ ወሳጁ ነበር።

ወፏም ተመለሰች። የነገረው ሰው ስም አይጠራም፤ የተነገረበት ግን ሌሊቱን ይወሰዳል። የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች፣ ብዙዎቹም የተወረሱ መኖሪያ ቤቶች፣ ግቢያቸው እስር ቤት ሆነ። ቤተሰብ ሰው መታሰሩን የሚያውቀው በወረቀት አይደለም፤ በስንቅ ነው። እናት ወይም እኅት በየግቢው በር ምግብ ይዛ ትዞራለች፤ ከአንዱ በር ስንቁን ከተቀበሏት ልጇ እዚያ አለ ማለት ነው። ባዶው ሣህን ከተመለሰላት በሕይወት አለ ማለት ነው። አንድ ቀን «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» ሲሏት ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋትም። የፍርድ ቤት መዝገብ ያልያዘውን የዚያን ዘመን ታሪክ እነዚያ ሣህኖች ይዘውታል። ሬሳው በጎዳና ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት የተገኘም ጥቂት አልነበረም።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ የሆነው ነገር ለሕግ ተማሪ ብቻ ሳይሆን ለደራሲም ትልቅ ርእስ ይሆን ነበር። በ1984 ዓ.ም. በተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት አማካይነት ቀይ ሽብርን ያካሄዱት ሰዎች ተያዙ። ታሳሪው አካሌ ነፃ ይውጣልኝ ብሎ ለፍርድ ቤት የሚያመለክትበት መንገድ ግን ለተወሰኑ ወራት በአዋጅ ተዘጋባቸው። በዋናዎቹ ባለሥልጣኖች ላይ ክስ የተመሠረተው በ1987 ዓ.ም. ሲሆን፣ ብዙዎቹ ሌሎች ክሳቸውን ያዩት በ1989 ነው። በጠቅላላው 5,198 ሰዎች ተከሰሱ፤ ከግማሽ የሚበልጡትም በሌሉበት ነበር። ሰውን ያለ ዳኛ ያሰሩ ሰዎች አምስትና ስድስት ዓመት ክሳቸውን ሳያውቁ ታሰሩ። ይበላቸው የሚል ይኖራል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም፤ ሕጉ ለእነርሱ ቢሠራ ኖሮ ተበዳዮቹ በዳዮቻቸው ያልሰጧቸውን ነገር ሰጡ ተብሎ ይጻፍ ነበር። ፍርዱ በመጨረሻ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ተሰጠ፤ ብዙ የተበዳይ ወላጆች እስከዚያ አልቆዩም።

በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አርባ ስምንት ሰዓትን መለሳት፤ እንዲያውም አስፋፋት። በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በሚያውቀው ቋንቋ ምክንያቱ ይነገረዋል፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ያልቀረበ እንደሆነ አካሉን ነፃ ለማውጣት ይከሳል፤ የዋስ መብትም አለው። በዋስትናው ላይ ግን በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ሊከለከል ይችላል የሚል ሐረግ ተጨመረ፤ ልዩ ሁኔታዎቹም መምጣት ጀመሩ። በ1993 ዓ.ም. የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ሲቀርቡ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ዋስትና ፈቀዱላቸው፤ ከፍርድ ቤቱ ሲወጡ ግን እንደገና ተያዙ፤ ወዲያውም በሙስና ለተጠረጠረ ሰው ዋስትናን የሚነፍግ ማሻሻያ ሕግ ወጣ። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 384 ለቦዘኔው ዋስትናን ነፈገ። ሚኒስትሩና ቦዘኔው በአንድ ነገር ተገናኙ።

የቦዘኔው አዋጅ ለመርካቶ የተጻፈ እስኪመስል ድረስ ከሰፈሩ ጋር የተያያዘ ነው። አዋጁ የሚመለከተው ጉልበት እያለው የሚታይ መተዳደሪያ የሌለውንና ከተዘረዘሩት ድርጊቶች አንዱን የሚፈጽመውን ሰው ነው። ነጋዴው ደስ ሳይለው አልቀረም፤ ኪስ አውላቂና ቀማኛ አስመርሮታልና እውነት አለው። ነገር ግን «የሚታይ መተዳደሪያ» ምንድር ነው? የደላላ ሥራ በአፉ ነው፤ ሱቅም ሚዛንም የለውም። ተሸካሚው መሣሪያው በትከሻው ላይ የጣላት ገመድ ናት፤ ዕቃ ካልመጣ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተራ ጥግ ቁጭ ብሎ ይውላል፤ ከሩቅ ላየው ሰው ከቦዘኔ አይለይም። በመርካቶ ከሚያድረው ገንዘብ ስንቱ ነው የሚታየው? ሾላ ካምፕ የገቡት ጥፋታቸው መታየታቸው ነበር አልን፤ እዚህ ደግሞ ጥፋቱ ሥራው አለመታየቱ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ከቦዘኔ ጋር የሚነጻጸር አልነበረም። ምርጫ በተደረገበት ዕለት ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ማታ በአዲስ አበባ ሰልፍ ለአንድ ወር ታገደ። ሰኔ 1 ቀን ተኩስ ተከፍቶ ሰዎች ሞቱ፤ መርካቶም ከቦታዎቹ አንዱ ነበር። ጥቅምት 22 ቀን 1998 ዓ.ም. ግርግሩ እንደገና ከመርካቶ ተነሣና ወደ ሌላው ከተማ ተዛመተ። ድንጋይ ተወረወረ፤ መንገድ ተዘጋ፤ ጥይት ተተኮሰ። ወጣቶች በብዛት እየታፈሱ ከከተማ ወጥተው እስከ ዴዴሳ ድረስ ተወሰዱ፤ ቁጥራቸው ከ30,000 እንደሚበልጥ ተገምቷል። ከመርካቶ እስከ ዴዴሳ ያለው መንገድ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ወደ ዳኛ የሚያደርስ መንገድ አልነበረም።

ምክር ቤቱ ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን፣ 763 ሲቪሎችም መቁሰላቸውን መዘገበ። ከቁጥሩ ይልቅ የከበደው አንድ ጥያቄ ነበር፤ የጸጥታ ኃይሎች የወሰዱት እርምጃ ተመጣጣኝ ነበር ወይስ ከልክ ያለፈ? ከኮሚሽኑ የወጡ አባላት እንዳስታወቁት አስቀድሞ በተሰጠው ድምፅ ስምንት ለሁለት ከልክ አልፏል ተብሎ ነበር። በጥቅምት 1999 ዓ.ም. ለምክር ቤቱ የቀረበው ዘገባ ግን አላለፈም አለ። ሰብሳቢው አቶ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው አቶ ወልደሚካኤል መሸሻ አገር ለቀው ወጡ፤ የቀድሞውን ውጤት በውጭ ሆነው ተናገሩ። አንድ የመንግሥት አካል ራሱ በሾማቸው ሰዎች ፊት የራሱን እጅ ሊያስመዝን የሞከረበት ይህ ክፍል በእኛ አመለካከት ከሞቱት ቁጥር ቀጥሎ በዚያ ዓመት የተመዘገበ ትልቁ የሕግ ታሪክ ነው። ሚዛኑ ተይዞ ነበር፤ የመዘኑት ሰዎች ግን አገር ውስጥ ሊኖሩ አልቻሉም።

የቀረውን በአጭሩ ብናልፈው ይሻላል፤ አዲስ ነገር የለበትምና። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ የ14 ቀኑን ቀጠሮ ወደ 28 ቀን አሳደገው፤ እስከ አራት ወርም ፈቀደ። በ2004 ዓ.ም. በታላቁ አንዋር መስጊድ የዓርብ ተቃውሞ ሲበረታ የምእመናኑ መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት የተከሰሱት በዚሁ አዋጅ ነው። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተካ። በግንቦት 2015 ዓ.ም. ግን በዚያው መስጊድ ደጃፍ እንደገና ተኩስ ተሰማ፤ እንደገና ሰው ሞተ። ከዚህም በላይ ሕገ መንግሥቱ በአስቸኳይ ጊዜ የማይነኩ ብሎ ከዘረዘራቸው መብቶች መካከል አንቀጽ 19 የለም። ስለዚህ በ2009፣ በ2010 እና በ2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ቁጥር በመጀመሪያ የቆመችው ሰዓት ያቺው አርባ ስምንት ሰዓት ናት።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር በአዲስ አበባ የፖሊስ ጣቢያዎች መያዣ አልበቃ ብሎ ሰዎች በመጋዘንና በወጣቶች ማእከል ጭምር ይታሰሩ ነበር። በየበሩ ሴቶች ተሰልፈው ይታዩ ነበር፤ በእጃቸው ምግብ የያዘ ሣህን አለ። ከእነርሱ መካከል በ1969 ዓ.ም. በሌላ በር የቆሙ አይጠፉም። ተራቸው ሲደርስ ዘበኛውን የሚጠይቁት ክሱ ምንድር ነው? ብለው አልነበረም፤ ስንቁን ትቀበሉኛላችሁ ወይ? ብለው ነው።